«ነቄ ነኝ» የሚል ሰው ምን አይቶ ነው?

(በልደታ ክፍለ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጤና ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ሰውን ስለማንበብ ነው። መጽሐፍ ስለማንበብ ብዙ ተነግሯችኋል፤ ሰውን ስለማንበብ ግን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የለም። የምንማረው ከሰፈር ነው። ሰፈር ደግሞ ጥሩም መጥፎም አስተማሪ ነው። በሰፈር ቋንቋ ነገር ቶሎ የሚገባውን፣ በቀላሉ የማይሸወደውን ልጅ «ነቄ» እንለዋለን። ተቃራኒው «ፋራ» ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፋራ መባል የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሁላችንም ነቄ ነን እንላለን። እኔ የምጠይቃችሁ ግን ይህን ነው፤ ነቄ ነኝ የሚል ሰው ምን አይቶ ነው?

«የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን እየተረቱም ግን ልጃቸውን ሲድሩ፣ ሠራተኛ ሲቀጥሩ፣ ገንዘብ ሲያበድሩ ሰውን እያነበቡ ነው የኖሩት። ሳያነቡ መኖር አይቻልማ! ጥያቄው ማንበቡ ላይ ሳይሆን አነባበቡ ላይ ነው።

እስቲ ከዚሁ ከሰፈራችን እንጀምር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ተነስታችሁ በተግባረ ዕድ በኩል ወደ ሜክሲኮ ስትሄዱ መንገድ ዳር የሚቀመጡትን ሊስትሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሊስትሮ ከሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው። ተረከዙ በአንድ በኩል ብቻ ያለቀው፣ ሲሚንቶ የነካው፣ ቀይ አፈር የያዘው፣ ቅባት የተንጠባጠበበት ጫማ ሁሉ ለእሱ ወሬ ነው። ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ከየት እንደመጣ ይገምታል። የታክሲ ረዳትም እንደዚሁ ነው። ሳይከፍል «ከፍያለሁ» ሊል የሚችለውን፣ መልሱን ረስቶ የሚወርደውን፣ በሐሳብ ነጉዶ መውረጃውን የሚያልፈውን ይለያል። የሰፈር ባለ ሱቅ ደግሞ ዱቤ ሲጠየቅ ደብተሩን ከመግለጡ በፊት የጠያቂውን ፊት ያያል።

እነዚህ ሰዎች በዚህ ሥራ ጎበዝ የሆኑት ለምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ስለሚያዩ ብቻ አይደለም፤ እኛም ብዙ ሰው እናያለን። ዋናው ምክንያት ሲሳሳቱ ወዲያው የሚያውቁት መሆኑ ነው። ባለ ሱቁ ለማይከፍል ሰው ዱቤ ከሰጠ በወሩ መጨረሻ ስህተቱ በብር ተቆጥሮ ይመጣለታል። ሊስትሮው «ከግንባታ ቦታ ነው የመጣኸው?» ሲል ደንበኛው «ኧረ አይደለም፣ ቤቴን እያሳደስኩ ነው» ብሎ ያርመዋል። በቀን ሃያ ጊዜ ይገምታል፤ በቀን ሃያ ጊዜ ይታረማል። እኛስ? አንዲትን ልጅ አይተን «ይቺ ኩራተኛ ናት» ካልን በኋላ ማን ያርመናል? እሷን አንጠይቃትም። እሷም እንዲህ መባሏን አታውቅም። ግምታችን ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው ይቆይና እውነት መስሎ ይቀመጣል። እንግዲህ ነቄ በሆነና ነቄ ነኝ ብቻ በሚል ሰው መካከል ያለው ልዩነት በእኔ አመለካከት ይኼ ነው፤ አንዱ ግምቱን ያስፈትናል፣ ሌላው ግን አያስፈትንም።

ሼርሎክ ሆምስን በፊልምም ሆነ በመጽሐፍ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ሰውን አንዴ አይቶ ሥራውን፣ የመጣበትን፣ ያሰበውን ሁሉ የሚናገር የልብ ወለድ መርማሪ ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር። ሆምስን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ገጸ ባሕርይውን የቀረጸው በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር ያስተማረውን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን እያሰበ ነው። ቤል ለተማሪዎቹ በሽተኛ ሲቀርብ በሽተኛው ሳይናገር ስለ ሕይወቱ የመናገር ልማድ ነበረው።

ዶይል ከተረካቸው አንዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይገባል። ቤል አየት ያደርገውና ወታደር እንደነበረ፣ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ብዙ እንዳልቆየ፣ በስኮትላንድ ደገኞች ክፍለ ጦር ውስጥ የበታች ሹም እንደነበረ፣ በመጨረሻም ባርቤዶስ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት እንዳገለገለ ይነግረዋል። ሰውየው ለሁሉም አዎን ይላል። ተማሪዎቹ ተገረሙ። ቤልም አብራራላቸው። ሰውየው አክብሮት ያለው ሰው ነው፤ ሲገባ ግን ባርኔጣውን አላወለቀም። ወታደር አያወልቅም፤ ከተሰናበተ ቢቆይ ኖሮ የሲቪሉን ወግ ይለምድ ነበር። አቋሙ ሰው ያዘዘ ሰው አቋም ነው። ስኮትላንዳዊነቱ ያስታውቃል። እግሩን ያሳበጠው ዝሆኔ ደግሞ በብሪታንያ የሌለ፣ በእነዚያ ደሴቶች ግን የሚገኝ በሽታ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት የቤልን ዓይን ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮችን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ቤል የገመተውን ይዞ ዝም አላለም። ለባለቤቱ ነገረውና አዎን ወይም አይደለም እንዲል ዕድል ሰጠው። ሊስትሮው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ሁለተኛው የበለጠ ይመለከተናል። ያ እግሩ ያበጠ ሰው ኤድንብራ ሳይሆን ወደ አንድ የኢትዮጵያ ደጋ ጤና ጣቢያ ቢገባስ? በባርቤዶስ ዝሆኔን ያመጣ የነበረው ትንኝ የምታስተላልፈው ጥገኛ ትል ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በብዛት የሚታየው የእግር እብጠት ግን ከሌላ ነገር ይመጣል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ይህንን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በጥናቱ አሳይቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። ስለዚህ ያው አንድ ምልክት በአንድ አገር «ይህ ሰው ባሕር ተሻግሯል» ሲያሰኝ፣ በሌላ አገር «ይህ ሰው ያለ ጫማ ያረሰ ገበሬ ነው» ያሰኛል። የእኛ ሰው ደግሞ ለስንት ዘመን ምን ብሎ አነበበው? «እርግማን ነው»፣ «በዘር የሚመጣ ነው»፣ «ይጋባል» ብሎ። በዚህ ንባብ ምክንያት ሳያገቡ የቀሩ፣ ከማኅበር የተገለሉ፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ ሰዎች አሉ። እግሩ ማበጡን ሁሉም በትክክል አይቷል። የተሳሳቱት ካዩት በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። በሥራዬም ከምጠቀምበት ሁሉ በጣም የሚረዳኝ ነገር ቀላል ነው፤ ያየሁትንና ያሰብኩትን ለይቶ መጻፍ። ደብተራችሁን በመሐል አስምሩት። በአንዱ በኩል «ያየሁት» በሉ፣ በሌላው በኩል «ያሰብኩት»። አሁን ያቺን ልጅ እንመልሳት። «ኩራተኛ ናት» የሚለው የት ይገባል? አንዳንዶቻችሁ «ያየሁት» ውስጥ አላችሁ፤ ሰማኋችሁ። ኩራት በዓይን አይታይም። የሚታየው «ሰኞ ጠዋት ሰላም ስላት ዝም ብላ አለፈች» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ «ያሰብኩት» በሚለው ውስጥ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ነገር ጻፉ። ኮርታ ሊሆን ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋም ሊሆን ይችላል። ቤቷ ሲጨቃጨቁ አድረውም ሊሆን ይችላል። ሦስት ስትጽፉ አንዱን ብቻ ማመን ይከብዳችኋል። ያን ጊዜ ደግሞ መጠየቅ ትፈልጋላችሁ።

ይህ ለምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። የእኛ ቋንቋ ራሱ ያየነውንና የፈረድነውን አንድ ላይ አድርጎ ያቀርብልናል። ዓይንን ብቻ ውሰዱ። ዓይን አፋር እንላለን፣ ዓይን አውጣ እንላለን፣ ዓይነ ደረቅ እንላለን። ሦስቱም መልክ የሚገልጹ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ግን ፍርድ ናቸው።

ስለ ዓይን ካነሳን አይቀር፣ የዩኒት ሊደር ቢሮ ገብታችሁ «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» የተባላችሁ እጅ አውጡ። አይ፣ ብዙ ናችሁ! ውሸታም ዓይን ለዓይን አያይም የሚለው እምነት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነና 58 አገሮችን ባካተተ ጥናት ሰዎች «ውሸታም በምን ይታወቃል?» ተብለው ሲጠየቁ ከሁሉም በላይ የተሰጠው መልስ ዓይኑን ያሸሻል የሚል ነበር። ዓለም ሁሉ የተስማማበት ነገር እውነት መሆን ነበረበት፤ አይደል? በዚያው ዓመት ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፖሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ገመገሙ። በጥናቶቹ ውስጥ ወደ 24,000 የሚጠጉ ሰዎች ሌላውን ሰው አይተውና ሰምተው እውነትና ውሸት እንዲለዩ ተደርገው ነበር። በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ብቻ ነው ያወቁት። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ እኛ አስተዳደግ አምጡት። ታላቅ ሲናገር ልጅ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ተምረነዋል። ታዲያ ጨዋ ሆኖ ያደገ ልጅ ሲመረመር ውሸታም ይመስላል ማለት ነው። በአንጻሩ ሰው ማታለል ሥራው የሆነ ሰው ዓይናችሁን ትክ ብሎ አይቶ ነው የሚዋሸው። ሰዎች ዓይን እንደሚያዩ እሱም ያውቃላ! እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አገራችን ጥፋተኛን ለመለየት የተጠቀመችባቸው መንገዶች ራሳቸው ብዙ ያስተምራሉ። በምኒልክ ዘመን ጭምር ይሠራበት የነበረ «ሌባ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። ስርቆት ሲፈጸም አንድ ልጅ ያጠጡታል። ያ መጠጥ ያሰክረዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ማንም ፍንጭ አልፈለገም፤ ማንም አልጠየቀም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ደግሞ ነበረ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን እየተጠየቀ ይናገራል። ተናጋሪው እንዳይታወቅ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት ይቻል ነበር። አውጫጭኝ ቢያንስ ያየና የሰማ ሰው ፍለጋ ነው፤ ከሌባ ሻይ በብዙ ይሻላል። ግን ወፏን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃታል? ስሟን የማትናገር ወፍ ቂም ይኑራት አይኑራት በምን ይታወቃል? (የዛሬዎቹን ወፎች በየስልካችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስም በሌለው የቴሌግራም ገጽ ስለ ክፍል ጓደኛችሁ የሚጻፈውን ማለቴ ነው።)

ልደታ ሲባል የከተማው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ የሚያስበው ፍርድ ቤቱን ነው። እዚያ ደጃፍ ጠዋት ጠዋት የሚቆመውን ሰው እያያችሁ ታልፋላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። ዳኛ የተከሳሹ ፊት አላማረኝም ብሎ አይፈርድም፤ ማስረጃ ያዳምጣል፣ መከላከያም ያዳምጣል። ለሌባ የሰጠነውን ይህን መብት ለታመመ ሰው ስንነፍግ ኖረናል። ወደ ዋናው ጉዳያችን የመጣነው እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር በደም ናሙና የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ምርመራ እንደ ልብ አልነበረም፤ መድኃኒትም አልነበረም። ያን ጊዜ መላው ሰፈር ሼርሎክ ሆምስ ሆነ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ሰው ከከሳ «ገብቶበታል»። ጸጉሩ ከሳሳ ያው ነው። ወገቡ ላይ ወይም ፊቱ ላይ አልማዝ ባለ ጭራ ከወጣበት ነገሩ ተቋጨ። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ሳይታመሙ ተነበቡ። ቡና ላይ ተፈረደባቸው። ቤት የተከለከሉ፣ ከዕቁብ የወጡ፣ የጠጡበት ብርጭቆ የተሰበረ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ደብተራችሁን አምጡና በመስመሩ ለዩት። «ከስቷል» ያየነው ነው። ያሰብነውስ? ሳንባ ነቀርሳ ያከሳል። ስኳር በሽታ ያከሳል። እንቅርት ያከሳል። ረኃብ ያከሳል፤ ሐሳብ ያከሳል። አልማዝ ባለ ጭራ በልጅነቱ ጉድፍ የያዘው ማንኛውም ሰው ላይ አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል። አዎን፣ የሰውነት መከላከያው በደከመ ሰው ላይ ይበዛል፤ ሐኪምም ሲያየው ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል። ልብ በሉ! ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ያዘዘው ምርመራ ነው፤ ፍርድ አልሰጠም። ሰፈሩ ደግሞ ያንኑ ምልክት አይቶ ምርመራውን ዘለለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኼ ነው።

ከሳውን ሰው በስህተት ማንበብ አንድ ጥፋት ነው። ሌላኛው ጥፋት ግን ብዙ አይወራለትም፤ ያማረውን ሰው በስህተት ማንበብ። «እሱ? እንዴት ይሆናል? ሰውነቱን አላየሽውም እንዴ!» «እሷማ የጨዋ ልጅ ናት፣ ያስታውቃል።» ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚታየው ጤነኛ ሰው ነው፤ መድኃኒት ካልጀመረ ግን ያስተላልፋል። በየቤቱ የገባው በከሱ ሰዎች በኩል ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አምሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ስቆ ነው የገባው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ይሠራል፣ ይማራል፣ ይወልዳል፣ ይሸብታል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ይፋ የሆኑ ትልልቅ ጥናቶች አንድ ነገር አረጋግጠዋል። በመድኃኒት ምክንያት በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይ ደረጃ ወርዶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። እንግዲያው የምታውቁት፣ የሚታከመውና ስሙ የጠፋው ሰው ሳይሆን፣ ያልተመረመረውና የሚያምረው ሰው ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። የሰፈር ዓይን ሲያነብ የኖረው የተገላቢጦሹን ነው።

ከእናንተ መካከል ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድኃኒት እየወሰደ እዚህ የደረሰ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ... አሁን ዞር ዞር ያላችሁትን አይቻለሁ። ምን ልታዩ ነው የዞራችሁት? ፊት ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አንድ ልጅ በሰዓቱ ክኒን ሲውጥ ብታዩ «ያየሁት» በሚለው ስር «ክኒን ዋጠ» ብላችሁ ጻፉ። የአስም፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ማነስ ክኒን አለ። የሰው ቦርሳ ከፍቶ የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ ደግሞ ነቄነት አይደለም፤ እሱ ሌላ ስም አለው። ዝም ማለት የሚገባውን ያየ ሰው ዝም ይላል። ከጓደኝነት የሚጠበቀው ይኼ ነው።

ታዲያ በዓይናችን ምን እናንብብ? የደም ነገር በዓይን አይነበብም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ በመመርመር ብቻ ይታወቃል። ምርመራውም ቢሆን አዲስ የተያዘን ሰው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ስለሚችል ምክር ሰጪው ተመለሱ ካላችሁ ተመለሱ። በዓይን የሚነበበው የሰው አድራጎት ነው። እሱም በአንድ ቀን አይነበብም።

አንድ ሰው እንውሰድ። ከትምህርት ቤት በር ላይ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቅ፣ ከተማሪዋ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ ሰው። ወይም ደግሞ ለአንድ ወንድ ልጅ «ሥራ አስገባሃለሁ፣ ውጭ እልክሃለሁ» የሚል ደላላ። ዓይን ለዓይን ያያል። ልብሱ ንጹሕ ነው። ንግግሩ ይጣፍጣል። እነዚህን ሁሉ «ያየሁት» በሚለው ስር ጻፏቸው፤ ችግር የለም። ግን የሚቀጥሉትንም ጻፉ። ስጦታው ሲመጣ ምን ተብሎ መጣ? ከሦስት ሳምንት በኋላ «እኔ ይህን ሁሉ እያደረግኩልሽ» የሚል ንግግር ከተከተለ ስጦታው ዱቤ ነበር ማለት ነው። «ለማንም እንዳትናገሪ» ስንት ጊዜ አለ? ጓደኞቿን አንድ በአንድ እያጣጣለ ብቻዋን አስቀራት ወይ? ለምን ይቸኩላል? ዛሬ ካልሆነ የሚያመልጠው ምን ነገር አለ? ሥራ የሚያስገባው ሰው መታወቂያህንና ሰነድህን እኔ ልያዝልህ ካለ ለምን?

ከሁሉም የሚበልጠውን መፈተኛ ልንገራችሁ። ትንሽ እምቢ በሉት። ትልቁ እምቢታ እስኪመጣ አትጠብቁ። «ዛሬ አይመቸኝም፣ ቅዳሜ ይሁን።» «ስልኬን አላሳይም።» «እኅቴም አብራኝ ትምጣ።» ከዚያ እዩት። ቅር ቢለውም «እሺ» የሚል ሰው አለ። የሚያኮርፍ፣ የሚያስፈራራ፣ የሚቀጣ፣ ወይም የባሰ ስጦታ ይዞ የሚመለስ ሰውም አለ። ለትንሽ እምቢታ የሰጠው መልስ ለትልቁ ምን እንደሚመልስ ብዙ ይናገራል። ከፊቱ ይልቅ ይህን እመኑ። ዕድሜያችሁ ደርሶ ፍቅር ስትጀምሩም «አብረን እንመርመር» ማለት እንደዚሁ ነው። መልሱ ስለ ጠባዩ ይነግራችኋል፤ ስለ ደሙ የሚነግራችሁ ግን ውጤቱ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

እግረ መንገዴን ይህንንም ልበል። አንዲት ልጅ ወይም አንድ ልጅ ተገዶ ከተደፈረ፣ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ። 72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በጀመሩ ቁጥር ይሻላል። «ለምን አላወቅሽበትም፣ ለምን አላነበብሽውም» የሚል ሰው ቢኖር አትስሙት። አጥፊው ያታለለው እንጂ የታለለችው አይደለችም። መጀመሪያ ጤና ተቋም።

በመጨረሻም ለሥራዬ በጣም የቀረበውን ላንሳ። ከጎናችሁ የሚቀመጥ ልጅ አለ እንበል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ የሚሳተፍ፣ የሚቀልድ ነበር። ከጥር ወዲህ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋል። ዩኒፎርሙ አልታጠበም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ዞር ይላል። ሰው የሚነበበው ከሌላ ሰው ጋር ተወዳድሮ ሳይሆን ከራሱ ልማድ ጋር ተወዳድሮ ነው፤ ዝምተኛ ልጅ ዝም ቢል ምንም አይደለም፣ ለፍላፊው ዝም ሲል ግን አንድ ነገር አለ። መምህሩ ሰነፈ ይሉታል። ተማሪው ጫት ጀመረ ይለዋል። ሊሆን ይችላል። እናቱ ታማ ሌሊት የሚያስታምማት እሱ ሊሆንም ይችላል። ማታ ማታ ሥራ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ምሳ ሰዓት ላይ የሚጠፋው ምሳ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። በሥራዬ የገጠሙኝ እንዲህ ዓይነት ልጆች ለውጣቸውን ብዙ ሰው አይቶት ነበር። የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው።

አጠያየቁም ዘዴ አለው። ሰው መሐል «ምን ሆነሃል አንተ?» አይባልም። ፊት ለፊት አፍጥጦም አይደለም፤ ወደ ቤት ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ይሻላል። ያያችሁትን ብቻ ንገሩት፤ ያሰባችሁትን ለራሳችሁ ያዙት። «ከጥር ጀምሮ ምሳ ላይ አላይህም፤ ደህና ነህ?» በቃ። «ደህና ነኝ» ካለ አትመርምሩት፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ጠይቁት። የማትችሉት ነገር ሆኖ ካገኛችሁት እሱን አስፈቅዳችሁ ለምታምኑት መምህር ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛ ንገሩ። ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ፈቃድ አትጠብቁ።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። ከነገ ጀምሮ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ አንድ ሰው። በታክሲም ይሁን በባቡር፣ የማታውቁት ሰው ይሁን። ያያችሁትን በግራ፣ ያሰባችሁትን ሦስት በቀኝ ጻፉ። ስም አትጻፉ፣ ፎቶ አታንሱ፣ አታፍጥጡ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ለራሳችሁ ፈቃደኛ የሆነ የክፍል ጓደኛ ምረጡና እርስ በርስ ተነባበቡ። የገመታችሁትን ንገሩት፤ እሱም ያርማችሁ። ከአሥር ስንቱን እንደሳታችሁ ቆጥራችሁ ለክበቡ አምጡ። ብዙ የሳተውን ነው መስማት የምፈልገው።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ያለሽው፣ መጀመሪያ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ቀጥይ።